በገብርኤል ዕለት የዋለው ገና

ከሮብ ገበያ በላይ፣ ጥር መጨረሻ

ለምወድሽ ልጄ፣

የጮቄ ውርጭ ያላቀዘቀዘው ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እንደምን ከረምሽ? ወገብሽ ጠናልሽ ወይ? ማሬስ እንደምን ናት? አንገቷን ቀጥ አደረገች? መሳቅ ጀመረች? አማቼ እንዳላማውስ ሥራው እንዴት ይዞታል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርድ ሲሆን ጉልበቴ ያንን የምታውቂውን ነገሩን ያነሣል እንጂ ሌላ የሚያመኝ የለም። ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል። ጥጃዋ አድጋ እናቷን መውጋት ጀምራለች።

እዚህ ድረስ ካነበብሽ አቁሚና መጀመሪያ ማሬን አጥቢያት። ጠግባ ስትተኛ ተመለሺ። አባቴ ሲያረጅ ትእዛዝ አበዛ ትዪ ይሆናል። በዪ፤ ግን አጥቢያት።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትዪኝ። ኔትወርኩ አንዳንዴ ቤታችን ድረስ ይመጣል፣ አንዳንዴ ኮረብታው ላይ ያስወጣል፤ ኮረብታውን ለጠፋ በግ የምወጣው ሰውዬ ለአንቺ አልወጣም ማለት አይደለም። ነገሩ ሌላ ነው። በስልክ ድምፅ ይሰማል፣ ደብዳቤ ግን ድምፅ የለውም። ደግሞም ልጅ ሆኜ ዲማ ቅኔ ስቆጥር ጀምሮ አፌ ሲተሳሰር እጄ ይፈታል።

ነጋዴው ምናለ በሚያደርስልሽ ካርቶን ውስጥ የስንደዶ ኮከቦቹን፣ የገናውን በሶና ለማሬ የተሰፋውን ሙዳይ ታገኛለሽ። ሙዳዩን አሁን አታውጪው፣ እኔ አውጪ እስክልሽ ይቆይ። ምናለ ለገበያው ጉዳይ የሚጣደፍ ሰው ነው። እህል አቅምሺውና ሸኚው እንጂ ብዙ አትጠይቂው።

ኮከቦቹን ታውቂያቸዋለሽ። ሦስተኛ ክፍል ሳለሽ ለገና የሠራሽውን የወረቀት ኮከብ የጠዋት ጤዛ አርሶት፣ ተቀዶብሽ፣ እያለቀስሽ ገባሽ። እናትሽ ወረቀት ለእኛ አገር ብርድ አይሆንም አለችና ስንደዶ ውኃ ውስጥ ነክራ፣ ከአለላዋ ቀዩንና አረንጓዴውን መርጣ፣ አምስት ጫፍ ያለው ኮከብ ሠራችልሽ። ከዚያ ወዲህ በየገናው አንድ አንድ እየጨመራችሁ ምሰሶውን የኮከብ መንደር አደረጋችሁት። አንድ እግሩ ያጠረው ያንቺ ነው። እናትሽ እንዳይስተካከል ከልክላ ያኖረችው ነው።

በሶውንማ ምን እነግርሻለሁ። ከተሜው ጭኮ ይለዋል፤ እናትሽ ግን የገና በሶ እንጂ ሌላ ስም አትሰጠውም። የተቆላ ገብስ ዱቄት፣ ቅቤ፣ ማር፣ ቁንጥር ጨው፣ ሌላ የለውም። ጭንቁ የሚሠራው በጾም መሆኑ ነው፤ ስለዚህ መቅመስ የለም። እናትሽ ጭብጥ አድርጋ ትለቀዋለች፤ የጣቶቿ ምልክት ሳይፈርስ ከቆየ ደርሷል ትላለች። እንኳን ቅቤ የነካ ጣቷን ልትልስ፣ ብናኙ ከአፌ እንዳይገባ ብላ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ነው የምታሸው። ከዚያ ለእያንዳንዳችን በየሙዳያችን ትከፍለዋለች። የእኔ ሙዳይ ክዳኑ አልገጥም ብሎ ስለኖረ ገናን ሁልጊዜ አይጥ ቀድሞኝ ያከብራል።

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ ልግባ፤ ዙሪያውን መሄድ አበዛሁ። ኅዳር ላይ እናትሽ በስልክ ብርድ መትቶኝ ነው ያለችሽ ውሸቷን ነው። ደረቷን ይዟት ከአልጋ ከዋለች ሰንብታ ነበር። ማርቆስ ከተማ ሐኪም ዘንድ ወስደናት መድኃኒት ተሰጣት። ሐኪሙ ግን መድኃኒቱ ብቻውን አያነሣትም፤ ወተት ትጠጣ፣ እንቁላል ትብላ፣ ሰውነቷ የሚይዘው ነገር ያግኝ ብሎ አስጠነቀቀን። ለልጃችን ልንገራት ስላት፣ አራስ ናት፣ ብትደነግጥ ወተቷ ይነጥፋል፣ እንዳትነግራት ብላ አስማለችኝ። ማልሁ። ዕድሜዬን ሙሉ በነገር ሁሉ ስከራከራት ኖሬ፣ መከራከር በሚገባኝ በዚያች በአንዷ ታዘዝኋት። ዛሬ ድረስ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

የገና ጾም ገብቶ ነበር። እሷን ደግሞ ታውቂያታለሽ። የንስሐ አባታችን አባ ታዲዮስ ራሳቸው መጥተው፣ የታመመ ሰው ጾም የለበትም፣ እኔ ፈትቼሻለሁ፣ ወተቱን ጠጪ አሏት። ምን ብትላቸው ጥሩ ነው? አባቴ፣ እርስዎ ቢፈቱኝም እኔ ራሴን አልፈታሁም፤ ገና ሲደርስ እጠጣለሁ አለቻቸው። አባም አዝነው ወጡ። እሷ የማሬን ክርስትና ሄጄ አያለሁ እያለች ታልማለች፤ እኔ ጉንጯ በየቀኑ ሲጎድል አያለሁ። ሹሮ አቀርባለሁ፣ ሁለት ጊዜ ጎርሳ በቃኝ ትላለች። ወተቱ ከጥጃዋ ተርፎ እየረጋ ይደፋል።

ገናን ብትጠብቀው እንደማትደርስበት ፈራሁ። እንግዲያውስ ገናን ወደ እሷ ላምጣው አልሁ።

አትሳቂብኝ። ታኅሣሥ ገብርኤል እየቀረበ ነበር። ሌሊቱን ማኅሌት ተቁሞ ያድራል፣ ከበሮው ይመታል፣ በማለዳ እልልታው ቤታችን ድረስ ይሰማል። ተኝቶ ለሚያዳምጥ ሰው ከገና ምን ይለየዋል? ትኩሳቱ ቀንና ሌሊቱን አደባልቆባት ዛሬ ምንድን ነው እያለች ትጠይቀኛለች። እኔም ቀኖቹን እየዘለልሁ እነግራት ጀመር። ማክሰኞውን ዐርብ ስላት አመነችኝ። እንዲህ ጥሩ ውሸታም መሆኔን እስከዚያ ድረስ አላውቅም ነበር።

ጎረቤታችንን አምሳሉን አማከርሁት። መጀመሪያ አበደ እንዴ ብሎ አየኝ፤ ቀጥሎ የወይራ ሥር ፈልጎ ለገና ጨዋታው ሩር ሊጠርብ ተነሣ። ሚስቱ ወለተ ሐዋርያት ግን በገብርኤል ቀን ሰው አላታልልም፣ በሶውን እንዳሻዎት ያድርጉት አለችኝ። እንዲያም ሆኖ ከደጃፍ አልጠፋችም። ከውጭ ቆማ፣ ኃጢአቱ ያንቱ ነው እያለች፣ ዱቄቱ እንዳይበዛ፣ ማሩ እንዳይቃጠል ትነግረኝ ነበር። ቅቤ አምጡ ስትለኝ ጓዳ ገባሁ። ከዚያ ጓዳ ዕቃ አንሥቼ የወጣሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ጨለማው ውስጥ ስዳብስ እጄ ላይ የወጣችው ትንሿ ቅል ናት። ከፈትኋት፤ ሽታዋ ያውዳል። የእናትሽ የቅቤ ቅመም መቼም ልዩ ነው ብዬ ሙሉውን ልገለብጠው ስል ወለተ ሐዋርያት በቃ አለችኝ።

በገብርኤል ማለዳ ከምንጩ ዳር ቄጤማ አጭጄ ጎዘጎዝሁ። የጥድ ቅርንጫፍ ከምሰሶው ጋር አስሬ ኮከቦቹን አንጠለጠልሁ። እናትሽ ስትነቃ ፀሐይ በበሩ ስንጥቅ ገብታ አረፈችባቸው። እንኳን አደረሰሽ አልኋት። ኮከቦቹን ረጅም ጊዜ አየቻቸው። እንኳን አብሮ አደረሰን፣ ደረሰ እንዴ አለች። ደጅ እነአምሳሉ ዱላቸውን ይዘው ገና ይጫወታሉ፤ ሽማግሌ ሁሉ ተሰብስቦ ሲያለከልክ ይሰማል። አንዱ ቁርጭምጭሚቱን ተመትቶ እስከ ዛሬ ያነክሳል። ስሙን አልጽፍልሽም እንጂ ሩሩን የጠረበው ራሱ ነው።

እናትሽ ጆሮዋን ጣል አድርጋ አዳመጠች። ቀጥላ አፍንጫዋን ቀና አደረገችና፣ ዘንድሮ በመንደሩ ዶሮ የሠራ የለም እንዴ፣ ወጥ አይሸተኝም አለችኝ። ሁሉን አስቤ ይህንን አላሰብሁም። ዶሮውን ፈንግል ጨረሰው አልኋት። ሁሉንም? አለች። አንድ አልቀረም አልሁ። ይህን ብዬ አፌን ሳልዘጋ የእኛው አውራ ዶሮ ከደጅ ጮኸ። እናትሽ፣ ይህ አንዱ ተርፏል ማለት ነው፣ እግዜር ይጠብቀው አለች።

በሶውን አቀረብሁላት። አንድ ድቡልቡል አነሣች፣ አማተበች፣ ጎረሰች። ከዚያ ማኘኳን አቆመች። ዐይኗን ዐይኔ ላይ ተክላ ቆየች። ምነው ጨው በዛ? አልኋት። አልበዛም፣ ጣፍጧል፣ ማን አስተማረህ አለችና ዋጠችው። ሁለተኛም ደገመች። ወተቱንም እስከ ጭላጩ ጠጣችው። ብላ እንጂ አለችኝ። እኔ ጾሜን ነበርሁና ወደ ግድግዳው ዞሬ ጉንጬን ነፋሁ፣ አኘክሁ፣ የዋጥሁ መሰልሁ። የያዝሁትን ድቡልቡል ኪሴ ውስጥ ከተትሁት።

ከዚያ ቀን ወዲያ ወተት አልተለያትም። ሰንበት ሳይደርስ ቀና ብላ ተቀመጠችና ወስፌዬን አምጣልኝ አለች። የማሬን ሙዳይ የጀመረችው ያኔ ነው። ማሬ የሚለውንም ስም ያኔ ነው ያወጣችላት፤ ማር የምትበላበትን ዕቃ እየሰፋሁ ሌላ ምን ልበላት ብላ። የክርስትናው ቀን እንዳላማው በስልክ ያሰማኝን እልልታ ኮረብታው ላይ ሆኜ ሰማሁና ወርጄ እኔው እልል አልሁላት። ወንድ ልጅ እልል ሲል ታይቶ አይታወቅምና እስክትስል ድረስ ሳቀች። በስልክ እናትሽ ደህና ናት፣ ስፌት ይዛለች ያልሁሽ እውነቴን ነበር። ስፌቱ ዙር በጨመረ ቁጥር ልቤ ይሞላ ነበር። ለክርስትናው ባንደርስ ለጥምቀት እናንተ ዘንድ ነን ብዬ ጫማዬን እንኳ አስጠግኛለሁ።

የእውነተኛው ገና ዋዜማ ደረሰ። ከበሮው ሲመታ ጥምቀት ነው ልላት ተዘጋጅቼ ነበር። ቀደመችኝ። ሽማግሌው፣ ና እዚህ ተቀመጥ አለችኝ። ነገ ገና ነው፣ የእውነተኛው፤ በሶውን አብረን እናሸዋለን፤ ቅቤውን ግን ከማሰሮው አምጣ፣ ከቅሏ አይደለም አለችኝ። የቅሏ አደስ የገባበት የራስ ቅቤ ነው፣ ልጄ ከአራስነቷ ስትወጣ አናቷን ልቀባት ያስቀመጥሁት ነው አለችኝ።

ልጄ፣ የምገባበት ጠፋኝ። ለካ ያን ጠዋት የፀጉር ቅቤ አጉርሻታለሁ። ታዲያ እያወቅሽ ለምን በላሽው አልኋት። አንተ ጓዳ ገብተህ፣ እጅህን አቃጥለህ፣ ሽማግሌውን ሁሉ አስለፍተህ ያመጣኸውን ገና ዶሮ አልሸተተኝም ብዬ ልመልሰው? አለችኝ። ለአባም ነግሬያቸዋለሁ፣ እንዳይቆጡህ ለምኛቸዋለሁ አለች። ቀጥላም፣ አንተ ግን አልጎረስህም፣ አይቼሃለሁ አለችኝ። በቁጣ አልነበረም፣ ፈገግ እያለች ነው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህች ነገር ከሌላው ሁሉ ትብሳለች። ስንትና ስንት ዓመት ከአንድ ገበታ በልተናል፤ ከተጋባን ወዲህ እኔ ሳልጎርስ እሷ ጎርሳ አታውቅም። እሷ ለእኔ ብላ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ጾሟን ስትገድፍ እኔ ወደ ግድግዳ ዞሬ ጾሜን ጠበቅሁ። አባ ታዲዮስን ይህ ምን ዓይነት ጾም ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። አብሬያት ብገድፍ ኖሮ ንስሐው ቀላል ነበር።

ያን ምሽት አብረን አሸነው። መጀመሪያ እሷ ጀመረች፤ እጇ ሲደክም እጄን በእጇ ይዛ፣ ጨብጥ፣ አሁን ልቀቅ፣ አየህ ቆመ አለችኝ። በነጋው ሁለታችንም ጎረስን። ድርሻሽን በእጇ ለይታ ከእነጣቷ ምልክት አስቀመጠችው፤ ካርቶኑ ውስጥ ያለው እሱ ነው፤ ቅቤና ማር ስላለበት አይበላሽም። የማሬንም ለየች። ጥርስ ስታወጣ እኔው አጎርሳታለሁ አለች።

ልጄ፣ ገናን ዐሥር ቀን አስቀድሜ አመጣሁት፣ አንቺን ግን በአንድ ቀን እንኳ ማምጣት አልቻልሁም። አልቻልሁም ማለቴስ ውሸት ነው፤ አልጠራሁሽም። ብጠራሽ ማሬን አዝለሽ ያን ቁልቁለት ስትወርጂ በበሩ ታይሽ ነበር። የመሐላውን ዕዳ ገብርኤል ይመርምረው፤ እኔ ግን ከአንቺ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አሁን የምልሽን ሳትከራከሪ ስሚኝ። የካቲት ሳይጋመስ ነይ። እንዳላማው አብሮሽ ይምጣ፤ ለእሱ ለብቻው ጽፌለታለሁ። በአንድ ቀን እዚህ ልድረስ አትበዪ። ሉማሜ ላይ ወርዳችሁ አክስትሽ ዘንድ እደሩ። ማለዳ እኔና አባ ታዲዮስ እዚያው ድረስ እንመጣለን። አባ ከእኔ ጋር ሉማሜ ምን ያደርጋሉ አትበዪኝ። ለማሬ ወፍራም ልብስ ያዢላት፣ ውርጩ አልለቀቀም። ለራስሽም ነጠላ ያዢ።

ቅሏ ውስጥ የተረፈችውን የራስ ቅቤ አልነካኋትም። ለአንቺ ባትበቃ ለማሬ አናት ትበቃለች። የሚቀባት ቢጠፋ እኔው እቀባታለሁ፤ ጓዳ መግባት ተምሬአለሁ።

እንግዲህ ሙዳዩን አውጪው። መጀመሪያ ሆዱን እዪው። ስፌቱ ጥብቅ ነው፣ ቀዩም አረንጓዴውም ቦታውን አልሳተም። ቀጥለሽ ክዳኑን እዪው። ወደ ጫፉ ያሉት ዙሮች ጠማማ ናቸው፣ ቀለማቸውም ተዛንፏል፣ አንድ ቦታ ላይ የደም ነጥብ የመሰለችው አለላ አይደለችም፤ ወስፌው ጣቴን ወግቶኝ ነው። ወለተ ሐዋርያት እኔ ልጨርስልዎት ብላ ነበር፣ እምቢ አልኋት። እናትሽ ጀምራ ለሌላ እጅ የተወችው ስፌት በቤታችን እንዳልነበረ አንቺም ታውቂያለሽ። ይህን እኔ ጨረስሁት። ያምራል አልልሽም፤ ግን ክዳኑ ይገጥማል።

እግዚአብሔር ማሬን ያሳድግልሽ። ወተትሽን አያንጥፍብሽ። ከእንዳላማው ጋር ከአንድ ገበታ የምትጎርሱበትን ዕድሜ ያርዝምላችሁ። ከዚህ ቀደም የሚደርስሽ ምርቃት የሁለት አፍ ነበር። ይህ ከአንድ አፍ የወጣ ነው፤ አንቺ ግን የሁለት አድርገሽ ተቀበዪው።

አባትሽ